በመኖ በኩል ወደ እንስሳት የሚገባ የኢንዱስትሪ ኬሚካል፦ ከምንጩ ለመከላከል የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

የሻገተ መኖ ይሸታል፤ ከብቱም አሽትቶ ይተወዋል። ዳይኦክሲን ወይም ፒሲቢ የተባሉት የኢንዱስትሪ መርዞች የገቡበት መኖ ግን ሽታ የለውም፣ ቀለሙ አይለወጥም፣ ላሟም ገንዳውን ልሳ ትጨርሰዋለች። ወተቷ እንደወትሮው ይታለባል፣ ዶሮዋም እንደወትሮዋ ትጥላለች። መርዙ በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ጮማ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ አንዴ እዚያ ከገባ በኋላ ደግሞ ጠርጎ የሚያወጣው መድኃኒት የለም። ስለዚህ ዋናው ሥራ መሠራት ያለበት መኖው የእንስሳቱ አፍ ሳይደርስ ነው።

ይህ መመሪያ የወተት ላም፣ የሚደልብ ከብት፣ በግ፣ አሳማ ወይም ዶሮ ለሚያረቡና መኖ ራሳቸው ለሚቀላቅሉ ሰዎች የተጻፈ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ የትኛው ኬሚካል የት ይቀመጣል?

በእርባታ ላይ ደጋግመው ችግር ያመጡት ኬሚካሎች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው በኋላ ናሙና ሲወሰድ ከወተቱ ይሁን ከጉበቱ፣ ከደሙ ይሁን ከጮማው የሚለውን ስለሚወስን ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጮማ ውስጥ የሚጠራቀሙት ዳይኦክሲንና ፒሲቢ ናቸው። ዳይኦክሲንን ማንም አስቦ አያመርተውም። ክሎሪን ያለበት ነገር በአግባቡ ሳይቃጠል ሲቀር፣ ቆሻሻ ሲነድ፣ ብረታ ብረት ሲቀልጥ፣ አንዳንድ የክሎሪን ኬሚካሎች ሲመረቱ አብሮ የሚወጣ ነው። ፒሲቢ ግን ሆን ተብሎ ለአሥርት ዓመታት የተመረተ ዘይት መሰል ነገር ሲሆን፣ በትራንስፎርመር፣ በካፓሲተር፣ በሙቀት ማስተላለፊያ ቱቦዎች፣ በቀለምና በግንብ ማሸጊያ ውስጥ ሲጨመር ኖሯል። በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ወይም እንዲቀነሱ መጀመሪያ ከዘረዘራቸው 12 የኬሚካል ዓይነቶች መካከል ሁለቱም አሉ፤ አሮጌው ዕቃ ግን አሁንም በየቦታው ተቀምጧል። እነዚህ ኬሚካሎች በሽንት እንደልብ አይወጡም። ዋና መውጫቸው የወተቱ ቅባትና የእንቁላሉ አስኳል ነው። ላሟና ዶሮዋ ከመርዙ የሚገላገሉት ለጥጃቸው፣ ለጫጩታቸውና ለሰው በማሻገር ነው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ሰው ከሚደርስበት ዳይኦክሲን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚመጣው በምግብ፣ በተለይም በሥጋ፣ በወተት ተዋጽኦና በዓሣ ነው። በሰው አካል ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ከ7 እስከ 11 ዓመት ይፈጃል። ወተቱን ማፍላትም ሆነ ሥጋውን መጥበስ አያጠፋውም፤ የወተቱ ቅባት ሲገፈፍ ደግሞ መርዙ አብሮ ወደ ቅቤው ይሄዳል።

ሁለተኞቹ ከባድ ብረቶች ናቸው። እርሳስ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ ጉበትንና ኩላሊትን ይበክላል፣ ወደ ወተትም ይሻገራል። ካድሚየም ኩላሊትና ጉበት ውስጥ ከእንስሳው ዕድሜ ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ያረጀ ከብት ኩላሊት ከጥጃ ኩላሊት የበለጠ የሚያሳስበውም ለዚህ ነው።

ሦስተኞቹ በጋራ ፒፋስ የሚባሉት ናቸው፦ ውኃና ቅባት እንዳያሳልፍ ተብሎ በጨርቅ፣ በወረቀትና በመጥበሻ ላይ የሚቀባው ልባስ፣ አንዳንድ የእሳት ማጥፊያ አረፋ። እነዚህ ከጮማ ይልቅ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቀው በደም፣ በጉበትና በኩላሊት ይገኛሉ፤ በወተትና በእንቁላልም ይወጣሉ።

ደረጃ 1፦ ወደ እንስሳው አፍ የሚገባውን ሁሉ ይጻፉ

ብዙ አርቢ «መኖ» ሲባል የሚያስበው ገንዳ ውስጥ የሚጨምረውን ብቻ ነው። መዝገቡ ግን ድርቆሹን፣ ገለባውን፣ ገፈራውን፣ ፋጉሎውን፣ ፍሩሽካውንና ጥራጥሬውን ብቻ ሳይሆን የማዕድን ቅልቅሉን፣ የሚላሰውን ጨው፣ የተጨመረውን ቅባት፣ የቫይታሚን ዱቄቱን፣ ውኃውን፣ ጉዝጓዙንም መያዝ አለበት። ጥጃ የሚልሰው የበረት እንጨትም ይጻፍ። አፈሩም ይጻፍ።

አፈሩን ማንም አይጽፈውም፤ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ውጭ የሚለቅሙ ዶሮዎች በቀን አሥር ግራምና ከዚያም በላይ አፈር ሊውጡ ይችላሉ። አጭር ሣር የሚግጥ ከብት ደግሞ ከሚበላው ደረቅ መኖ ውስጥ ጥቂት በመቶው፣ ሣሩ በጣም ሲያጥር ከአሥር በመቶ የሚበልጠው አፈር ሊሆን ይችላል። በዳይኦክሲንና በእርሳስ በኩል ሣሩ ራሱ ከሥሩ የሚስበው ትንሽ ነው፤ ከብቱን የሚጎዳው በቅጠሉ ላይ ያረፈው አቧራና አብሮ የሚነቀለው አፈር ነው።

በእያንዳንዱ ነገር ፊት ለፊት ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ በምን እንደደረቀ ይጻፉ። መልሱን ካላወቁት ባዶ ይተዉት። ባዶ የቀሩት ቦታዎች በደረጃ 3 የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ይሆናሉ።

ደረጃ 2፦ ከመዝገቡ ውስጥ አደገኞቹን ይለዩ

ሁሉንም እኩል መፍራት ሁሉንም እኩል መርሳት ነው። ያለፉት ትላልቅ ብክለቶች ሲታዩ መርዙ የገባው በአብዛኛው ከዋናው እህል ጋር አልነበረም። ከመቶ ሁለትና ሦስት እጅ ብቻ ከሚጨመረው፣ ርካሽ ስለሆነ ወይም ትንሽ ስለሆነ ማንም ልብ ከማይለው ነገር ጋር ነው የገባው።

ቅባትና ዘይት ቀዳሚውን ቦታ ይይዛሉ። በ1957 በአሜሪካ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሥጋ ዶሮዎች ሆዳቸው ውኃ እየቋጠረ ሞቱ፤ መነሻው መኖው ውስጥ የገባ ቅባት ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ ዳይኦክሲን እንደነበረበት ተረጋገጠ። በ1968 በምዕራብ ጃፓን ለሙቀት ማስተላለፊያ የዋለ ፒሲቢ ከቱቦ አፈትልኮ የሩዝ ዘይት ውስጥ ገባ። ከዘይቱ የተረፈው ጥቁር ዝቃጭ ለዶሮ መኖ ውሎ 400,000 ያህል ዶሮዎች በፌብሩዋሪና በማርች አካባቢ ሞቱ። ዘይቱን የበሉ ሰዎች ሕመም በይፋ የታወቀው ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ዶሮዎቹ ለወራት ቀድመው እየተናገሩ የሰማቸው አልነበረም። በ1999 በቤልጂየም ደግሞ 50 ኪሎ ያህል ፒሲቢና አንድ ግራም ያህል ዳይኦክሲን የገባበት የተሰበሰበ ቅባት 500 ቶን መኖ በከለ። አንድ ግራም! አገሪቱ ዶሮዋን፣ እንቁላሏን፣ ሥጋዋን ከገበያ ለማንሳት የተገደደችው በዚህ መጠን ነው። በጀርመን በ2010 መጨረሻ ለፋብሪካ ሥራ የታሰበ የቅባት አሲድ ለመኖ ተሽጦ፣ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ከ4,700 በላይ እርባታዎች ለጊዜው ምርት እንዳይሸጡ ታገዱ።

በቅርብ የሚከተሉት በቀጥታ ነበልባል የደረቁ ተረፈ ምርቶች ናቸው። በ2008 በአየርላንድ የዳቦ ተረፈ ምርት ሲደርቅ የምድጃው ነዳጅ በፒሲቢ የተበከለ ዘይት ነበር፤ ጭሱ በቀጥታ በመኖው ውስጥ ያልፍ ስለነበር መርዙ እዚያው ቀረ። መኖውን የወሰዱት ጥቂት የአሳማ እርባታዎች ቢሆኑም፣ ሥጋው ከሌላው ስለተቀላቀለ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ የተመረተው የአሳማ ሥጋ በሙሉ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ።

ማዕድናትና ሸክላም ከዝርዝሩ አይወጡም። በ1997 በአሜሪካ የአኩሪ አተር ፋጉሎ እንዳይጋገር የተጨመረ ሸክላ ዶሮንና ዓሣን በዳይኦክሲን በከለ፤ ሸክላው ከመሬት ሲወጣ ጀምሮ ነበረበት፤ «የተፈጥሮ ነው» የሚለው ዋስትና እንደማይሆን ያየነው እዚያ ላይ ነው። በ2008 በቺሊ የአሳማ ሥጋን የበከለው ከብረት ማቅለጫ የተገኘ ዚንክ ኦክሳይድ ነበር። ከብረት ተረፈ ምርት የሚሠራ የዚንክና የመዳብ ማዕድን ካድሚየምና እርሳስም ሊይዝ ይችላል።

በፋብሪካ፣ በቆሻሻ ማቃጠያ፣ በብረት ማቅለጫ ወይም በብዙ መኪና መንገድ ዳር የታጨደ ሣር፣ ጎርፍ ያለበሰው መስክም እንዲሁ ይለዩ። ከታወቀ ማሳ የመጣና በፀሐይ የደረቀ እህል ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጥ።

ደረጃ 3፦ አቅራቢውን አራት ነገር ይጠይቁ

ጥያቄው በአክብሮት ይሁን፤ መልሱ ግን በጽሑፍ ይሁን።

1. ይህ ቅባት፣ ፋጉሎ ወይም ማዕድን መጀመሪያ ከምን ሥራ የተረፈ ነው? «ለቴክኒክ አገልግሎት» ወይም «ለኢንዱስትሪ» ተብሎ የተጻፈበት ነገር ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለመኖ አይገዛም።
2. የደረቀው እንዴት ነው? ጭሱ መኖውን ይነካል? ምድጃው የሚነደው በምንድን ነው? ያገለገለ ዘይት፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ወይም ቆሻሻ ከሆነ ይተዉት።
3. ያመጣው መኪና ወይም ቦቴ ከዚያ በፊት ምን ጭኖ ነበር፣ እንዴት ታጠበ?
4. ለዚህ ባች (በአንድ ጊዜ አብሮ ለተመረተው መኖ) የተደረገ የላቦራቶሪ ውጤት አለ? ውጤቱ ላይ ያለው ባች ቁጥር ከረጢቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር። ካልገጠመ ወረቀቱ ስለ ሌላ መኖ ነው የሚናገረው።

በውጤቱ ላይ የሚያዩት ቁጥር ትንሽ ስለሚመስል ግራ ሊያጋባ ይችላል። ለማነጻጸር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ከዕፅዋት ለሚገኝ መኖ የፈቀደው የዳይኦክሲን ጣሪያ በኪሎ 0.75 ናኖግራም ነው፤ ናኖግራም ማለት የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። በሚሊግራም የተጻፈ የዳይኦክሲን ውጤት ካዩ ወይ መለኪያው ተሳስቷል፣ ወይ ወረቀቱ አይታመንም። ከባድ ብረቶች ግን በሚሊግራም መጻፋቸው ትክክል ነው።

ጥያቄውን የሚሸሽ አቅራቢ መልሱን ሰጥቶዎታል። ሌላ ይፈልጉ።

ደረጃ 4፦ መኖ ሲረከቡ

በ1973 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ያው አምራች ለከብት መኖ የሚጨመር «ኑትሪማስተር» የተባለ ማግኒዥየም ኦክሳይድ እና «ፋየርማስተር» የተባለ እሳት ተከላካይ ኬሚካል ያመርት ነበር። ስማቸው ተቀራራቢ ነበር፤ ከረጢቶቹ ተቀያየሩና እሳት ተከላካዩ፣ ማለትም ፒቢቢ የተባለው መርዝ፣ ወደ መኖ ማቀነባበሪያው ሄደ። ምክንያቱ የታወቀው በ1974 የጸደይ ወራት ነው። በመጨረሻ 30,000 ያህል ከብቶችና 1.5 ሚሊዮን ያህል ዶሮዎች ተወገዱ። አንድ ሰው ከረጢቱን ከማውረዱ በፊት ስሙን ከትእዛዙ ጋር ፊደል በፊደል ቢያነብብ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ፦ ከረጢቱ ላይ ያለውን ስም፣ ባች ቁጥርና ቀን ከደረሰኙ ጋር ጮክ ብለው ያንብቡ። ስሙ የተፋቀ፣ በእጅ የተጻፈ ወይም በላዩ ሌላ ወረቀት የተለጠፈበት ከረጢት አይረከቡ። ከረጢቱ ቀድሞ የኬሚካል፣ የሲሚንቶ ወይም የማዳበሪያ ማሸጊያ ከነበረ ይመልሱ። በርሜልም እንደዚሁ፤ የታጠበ የኬሚካል በርሜል የመኖ ወይም የውኃ ዕቃ አይሆንም።

ከዚያ ናሙና ያስቀሩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ችግር ሲመጣ ግን ከሁሉ በላይ የሚፈለገውም ይኸው ነው። አንድ ከረጢት ከላዩ መቆንጠር ናሙና አይባልም። ከብዙ ከረጢቶች፣ ከላይም ከመሐልም ከሥርም ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ፣ በንጹሕ ዕቃ በደንብ ያደባልቁ፣ ከድብልቁ ግማሽ ኪሎ ያህል ያስቀሩ። ለዳይኦክሲንና ለፒሲቢ ንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ይሻላል፤ ክዳኑ ሥር የአሉሚኒየም ወረቀት ያድርጉበት። ባች ቁጥሩን፣ የአቅራቢውን ስምና የተረከቡበትን ቀን ይጻፉበት፤ ሌላ ሰው ባለበት ያሽጉት፣ ሁለታችሁም ይፈርሙበት። ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። እነዚህ ኬሚካሎች በቀላሉ አይበላሹም፤ ያንን መኖ የበሉት እንስሳት ምርት ተሸጦ እስኪያልቅና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ወራት ያቆዩት።

በመጨረሻ የትኛው ባች ለየትኛው በረት ከመቼ እስከ መቼ እንደተሰጠ በየዕለቱ ይመዝግቡ። መስመር አንድ ብቻ ይበቃል። ይህ መስመር ከሌለ ግን በጥርጣሬ ጊዜ ጤነኛውን ከታመመው ለይቶ ማዳን አይቻልም።

ደረጃ 5፦ ግቢውን ይዙሩ

ሁሉ ጥፋት ከውጭ አይመጣም። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው በበረቱ፣ በመጋዘኑና በመስኩ ዙሪያ ይሂዱ።

የተጣለ የመኪና ባትሪ ይፈልጉ። ከብት በእርሳስ የሚመረዝበት ዋነኛው መንገድ ይህ ነው። ሣር ውስጥ የተረሳ ባትሪ በማጨጃ ማሽን ተፈጭቶ ገፈራ ውስጥ ሲገባ አንድ ባትሪ ብዙ ከብት ይጨርሳል። ከብቶች የባትሪውን ጣዕም ይወዱታል፤ አግኝተው አይተዉትም።

የቆሻሻ ማቃጠያ ቦታውን ይዩ። ፕላስቲክ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ጎማ ከነደደበት አጠገብ ዶሮ መልቀቅ በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ ዳይኦክሲን እንደመጨመር ነው። በጋና አግቦግብሎሺ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ማቃጠያ አካባቢ ከሚለቅሙ ዶሮዎች የተገኘ እንቁላል በ2019 ተመርምሮ፣ አንዱን ብቻ የበላ አዋቂ ሰው በአውሮፓ ከተቀመጠው የዕለት ጣሪያ 220 እጥፍ እንደሚያገኝ ታይቷል። ማቃጠሉ ይቁም፤ አሮጌው አመድና በሥሩ ያለው አፈር ይታጠር፣ ዶሮ አይድረስበት።

እንጨቱን ይመርምሩ። እንጨት እንዳይበሰብስ በሚረዱት በፔንታክሎሮፌኖል ወይም በክሬዎሶት ኬሚካሎች የተነከረ አሮጌ ምሰሶ ገንዳ ወይም አጥር ሲሆን ከብት ይልሰዋል። ከእንዲህ ዓይነት እንጨት የወጣ ሳጋቱራም ለጉዝጓዝ አይሁን። በአርሴኒክና በመዳብ የተነከረ እንጨት ሲቃጠል ደግሞ አመዱ ውስጥ ያለው አርሴኒክ ይከማቻል፤ ከብት አመዱን እንደ ጨው ስለሚልሰው ይሞታል። በአሜሪካ በ1940ዎቹና ከዚያ በኋላ የተሠሩ የኮንክሪት ገፈራ ማከማቻዎች ውስጣቸው ፒሲቢ ባለበት ልባስ ተቀብቶ፣ ልባሱ እየተላላጠ ወደ ገፈራውና ወደ ወተቱ ገብቷል። የእርስዎ ማከማቻ አሮጌ ከሆነና ውስጡ የሚላላጥ ቀለም ካለው፣ ቀለሙን ሳይፍቁ በፊት አስመርምሩ፤ መፋቁ ራሱ መርዙን ይበትነዋል።

ያገለገለ የሞተር ዘይት፣ አሮጌ ትራንስፎርመር፣ የሚያንጠባጥብ የማሽን ዘይት፣ ከመኖ ጋር አንድ መጋዘን ያደረ ማንኛውም ኬሚካል፦ ይለዩ፣ ያርቁ።

ከፍሳሽ ማጣሪያ ወይም ከወረቀት ፋብሪካ የመጣ ዝቃጭ በማዳበሪያነት ማሳ ላይ ተበትኖ ያውቅ እንደሆነም የቀድሞውን ባለ መሬት ይጠይቁ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት በዚህ ምክንያት የወተት እርባታዎች በፒፋስ ተበክለው፣ ግዛቱ በ2022 ዝቃጭ ማሳ ላይ እንዳይበተን በሕግ አገደ። ዝቃጩ የተበተነው ከአሥርት ዓመታት በፊት ቢሆንም እንኳ አፈሩ አይረሳውም።

ደረጃ 6፦ አፈሩን ከአፍ ያርቁ

ሣሩን እስከ ሥሩ አያስግጡ፤ ሲያጥር ወደ ሌላ መስክ ያዛውሩ። ለድርቆሽ ሲያጭዱ ማጭዱን ከፍ ያድርጉ። መኖ መሬት ላይ አይበትኑ፣ ገንዳና መመገቢያ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጎርፍ ያለፈበትን መስክ ዝናብ እስኪያጥበውና አዲስ ሣር እስኪበቅል ይተዉት። ዶሮዎች የሚለቅሙበት ግቢ ከተጠራጠሩት፣ አፈሩ በንጹሕ አፈር ወይም አሸዋ ይሸፈን፣ መኖ የሚያገኙትም ጣራ ሥር ይሁን፤ ሆዳቸው የሞላ ዶሮዎች አፈር መጫሩን ይቀንሳሉ።

ደረጃ 7፦ ምልክቱን ይከታተሉ

አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለም። ይህን ደጋግሜ የምለው «ከብቶቼ ጤነኛ ናቸው» የሚለው መልስ ስለሚያሳስበኝ ነው። መጠኑ ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚናገረው መዝገቡ ነው። በቤልጂየም ቅባቱ በጃንዋሪ ተበክሎ፣ አርቢዎች በፌብሩዋሪ የታቀፉ እንቁላሎች መፈልፈላቸው እንደቀነሰ አይተዋል፤ ሕዝቡ የሰማው በሜይ መጨረሻ ነው። በሚሺጋን ወተት ቀነሰ፣ ላሞች መኖ ጠሉ፣ ሰኮናቸው ከልክ በላይ አደገ።

ስለዚህ የወተትና የእንቁላል ብዛት፣ ከታቀፈው የተፈለፈለው፣ የወረዱ ጽንሶች በየሳምንቱ ይጻፉ። ጫጩቶች ሆዳቸው ውኃ ከቋጠረ፣ ከቆዳቸው ሥር ካበጡ፣ ቢንገዳገዱ፣ ቅባቱን ይጠርጥሩ። ከብት ድንገት ዓይኑ ካላየ፣ ጥርሱን ካፋጨ፣ ግድግዳ ከገፋ እርሳስን ይጠርጥሩ። እነዚህን ሁሉ ሌላ በሽታም ሊያመጣቸው ይችላል፤ ለዚህ የእንስሳት ሐኪም ያስፈልጋል። ምልክቱ የታየው አዲስ ባች ከተከፈተ በኋላ ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነግሩት ይህን ይሁን።

ደረጃ 8፦ ጥርጣሬ ሲኖር፣ በዚያው ቀን

መኖውን ያቁሙ፤ ግን አይጣሉት፣ አይመልሱትም። ለብቻው ያስቀምጡና «አይነካ» ብለው ይጻፉበት። ማስረጃው እሱ ነው።

ያን መኖ የበሉትን ካልበሉት ለዩ። ውጤት እስኪመጣ ወተት፣ እንቁላልም ሆነ እንስሳ አይሽጡ፣ ለቤተሰብም አይስጡ። የእንስሳት ሐኪምና የሚመለከተውን የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ይጥሩ። መደበቅ ጉዳቱን ከእርባታ ወደ ማዕድ ያሻግረዋል።

እንስሳቱን አያስርቡ። «መርዙ እንዲወጣላቸው» ብሎ መኖ መቀነስ ትልቅ ጉዳት ነው። ከብት ሲከሳ ጮማው ይቀልጣል፤ ጮማው ውስጥ የነበረው ኬሚካል በቀረው ጮማ ይበልጥ ይከማቻል፣ ወደ ደሙና ወደ ወተቱም ይወጣል። ንጹሕ መኖ በበቂ ይስጡ።

የተጠረጠረ ወተት ለጥጃ ወይም ለአሳማ አይሰጥ፤ ጥጃው ገና ትንሽ ስለሆነ በኪሎ ክብደቱ የሚደርሰው ይበልጣል። የሞተ እንስሳ በሜዳ አይቃጠል፣ ቅባቱም ተቀቅሎ ዳግም መኖ አይሁን፤ መርዙ ዙሪያውን እንዳይዞር ሰንሰለቱ መበጠስ ያለበት እዚህ ነው። አወጋገዱን መሥሪያ ቤቱ ይወስን።

ደረጃ 9፦ ምርመራ

ለላቦራቶሪው «መርዝ ይፈተሽልኝ» ብሎ መላክ ገንዘብ ማባከን ነው። የተጠረጠረውን ምንጭ ይንገሯቸው። ቅባት፣ ጭስ፣ ትራንስፎርመር ወይም የነደደ ቦታ ከሆነ ዳይኦክሲንና ፒሲቢ ይታይ፤ ናሙናው ወተት፣ እንቁላል ወይም የጮማ ቁራጭ ነው። ባትሪ ወይም ማዕድን ከሆነ ከባድ ብረት፤ በሕይወት ካለ እንስሳ ደም፣ ከሞተ ጉበትና ኩላሊት። ዝቃጭ ወይም የእሳት ማጥፊያ አረፋ ከሆነ ፒፋስ፤ ደም፣ ወተት፣ ውኃና አፈር። ለፒፋስ ናሙና ቴፍሎን ያለበት ክዳንም ሆነ ዕቃ አይጠቀሙ፤ ንጹሕ የፖሊፕሮፒሊን ዕቃ ይሻላል።

የዳይኦክሲን ሙሉ ምርመራ ውድ ነው። ብዙ ናሙና ካለ በሕዋስ ላይ የሚደረግ የመጀመሪያ ደረጃ ማጣሪያ መኖሩን ይጠይቁ፤ እሱ የጠረጠራቸውን ብቻ ወደ ሙሉው ምርመራ መላክ ይቻላል። እንቁላል ሲሆን ከብዙ ዶሮዎች የተለቀመ ደርዘን ያህል በአንድ ላይ ተደባልቆ ይታያል። ደረጃ 4 ላይ ያሸጉት የመኖ ናሙና አብሮ ይሂድ፤ ግማሹን ግን ያስቀሩት።

ደረጃ 10፦ እስኪነጻ

የሚነጻበት ጊዜ እንደ እንስሳውና እንደ ኬሚካሉ ይለያያል። በየቀኑ የሚጥሉ ዶሮዎችና የሚታለቡ ላሞች ዳይኦክሲንን በአስኳልና በወተት ስለሚያወጡ፣ ንጹሕ መኖ ካገኙ መጠኑ መጀመሪያ ቶሎ ከዚያ ዝግ እያለ በሳምንታትና በወራት ይወርዳል። እነዚያን ወራት የሚወጣው ወተትና እንቁላል ግን መወገድ አለበት። የሚያድግ ጥጃ ሰውነቱ ሲሰፋ መጠኑ ይሳሳል። የማይታለብና ማደጉን የጨረሰ ከብት ግን መውጫ ስለሌለው ብዙ ይቆያል።

በእርሳስ ሁሉም የሚወሰነው ሆድ ውስጥ የቀረ የባትሪ ቁራጭ በመኖር አለመኖሩ ነው፤ ካለ ደሙ ለወራት አይጠራም። ፒፋስ ከላም በወራት ይቀንሳል፤ በአሳማ ግን ፒፎስ የተባለው ዓይነት ግማሹ እስኪወጣ ከአንድ ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ካድሚየም ከገባበት ኩላሊት ይወጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ጉበትና ኩላሊቱን ማስወገድ ነው።

መርዝ ይይዛል ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ወይም ሸክላ ላይ አይተማመኑ። የሻጋታ መርዝን ሊይዝ የሚችል ሸክላ ጮማ ውስጥ ያለ ዳይኦክሲንን አይደርስበትም፤ ከ1997ቱ ታሪክ እንዳየነው ሸክላው ራሱም ምንጭ ሊሆን ይችላል።

ሽያጭ ከመጀመርዎ በፊት፣ በሳምንታት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ተከታታይ ናሙናዎች ከተፈቀደው የመጠን ጣሪያ በታች ይሁኑ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያነሰ ይሁን። ካላነሰ ምንጩ አሁንም ግቢ ውስጥ አለ፤ ወደ ደረጃ 5 ይመለሱ። ወተቱ ወደ ገበያ ከተመለሰ በኋላም፣ ላሟ ወልዳ ጮማዋን በምታቀልጥባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አንድ ናሙና ይላኩ።